የአምስት ወር ለቅሶ

የአክስቴ ባል የሞተው ግንቦት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እኔ ለቅሶ የደረስኩት ጥቅምት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.፤ ከነጳጉሜው አምስት ወር ዘግይቼ። የገደለው ኮሮና አልነበረም። ለዓመታት ሲታገለው የኖረው ደም ግፊት አንድ ማለዳ ደሴ ከሚገኘው ቤቱ ደጃፍ ላይ ጣለው፤ በዚያው አልተነሣም። በበሽታው ባይሞትም የተቀበረው ግን በበሽታው ደንብ ነው።

በደህናው ጊዜ ቢሆን መርዶው በተነገረኝ በሰዓቱ መኪና ላይ ነበርኩ። ያን ሰሞን ግን አንዴ መንገዱ ተዘግቷል ይባላል፣ አንዴ ተከፍቷል ይባላል። ሲከፈት ደግሞ እኔ ፈራሁ። በሽታው የበዛው አዲስ አበባ ነው፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ሐዘንተኛ ቤት ይዤው ብገባስ? "ሁለት ሳምንት ልይ" እያልኩ ክረምቱ ገባ፣ ዓመቱ ዞረ፣ ደመራውም በተቆጠረ ሰው ተለኮሰ። አክስቴ በደወለች ቁጥር ስለ ጤናዬ እንጂ ስለ ቀረሁበት ነገር አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም። አለማንሣቷ ነበር የሚከብደኝ።

ለሠርግ እንሄዳለን፤ ለለቅሶ ግን "እንደርሳለን"። "ድረሱልኝ" ብሎ ከሚጮኽ ሰው አፍ የሚወጣው ግስ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሬሳ አያስነሣም፤ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ነገር እንኳ የለውም፤ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ "እግዜር ያጥናሽ" ብሎ ይሄዳል። ግን ተጠርቶ ደርሷል። ያልደረሰ ዕዳ አለበት፤ ይህን ዕዳ በስልክ ለመክፈል፣ ቢያንስ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ፣ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ከላም በረት መናኸሪያ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ረዳቱ ክዳኑ በሚስማር የተበሳ የሃይላንድ ላስቲክ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ውስጡ ሳኒታይዘር ነው። የሚሳፈረውን ሁሉ መዳፍ ላይ ጭርቅ ያደርግለታል። አብዛኛው ሰው ሁለት እጁን አጣምሮ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቀበለው፤ ጥቂት እናቶች መዳፋቸውን ካሹ በኋላ የተረፈውን ግንባራቸው ላይ ቀቡት። ጠበል የምንቀበለው እንዲህ ነው። ጤና ባለሙያ ቢያይ ይስቅ ይሆናል፤ እኔ ግን አልኮሉ ቶሎ ቦታ ያገኘው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። አዲስ ነገር ሲመጣ የምንቀበልበት እጅ ድሮ የነበረን እጅ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሸምገል ያሉ ሰው፣ ጉልበቴ ላይ የጣልኩትን ጋቢ አይተው፣ "ለቅሶ ነው?" አሉኝ።

"አዎ አባቴ።"

"የመቼ?"

"የግንቦት።"

"የኔ የሚያዝያ ነው" አሉና ወደ ኋላ ወንበር ጠቆሙኝ። ሦስት ጥቁር የለበሱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። "የነሱ የሰኔ ነው፤ መርሳ ነው የሚወርዱት።" ከአውቶቡሱ ተሳፋሪ ስንቱ የቆየ ለቅሶ ተሸክሞ እንደሚሄድ ከዚያ ወዲያ መቁጠር ተውኩ። የጤና ሚኒስቴር በየቀኑ የሚያወጣው የተያዙ ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር በዚያ ሰሞን ከ80 ሺህ አልፎ ነበር፤ በዚያ መግለጫ ላይ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ ይቆጠራል። ያልተደረሰ ለቅሶ የሚቆጥር ግን አልነበረም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማስክ ከኬላ ኬላ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ረዳቱ ፊት ለፊት ትራፊክ ባየ ቁጥር "ማስክ!" ብሎ ይጮኻል፤ አገጭ ላይ ያረፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይነሣል። ትራፊኩ በመስኮት አየት አድርጎ ያልፈናል፣ ሁሉም ተመልሶ ይወርዳል። ማስክ የሌለው አንድ ወጣት ነበር፤ ለጣርማ በር ጥቂት ሲቀር ረዳቱ የራሱን አውልቆ ሰጠው፣ ራሱ በሻርፑ ተከናነበ። ኬላው ሲያልፍ ወጣቱ አመስግኖ መለሰለት፤ ረዳቱም ተቀብሎ አጠለቀው። ደግነትና ጥፋት በአንድ ጨርቅ ሲተላለፉ ዐይኔ እያየ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ለምን? ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ለሰው ሲያዝን ገብቶ "ተው" ማለት ነውር ነው። በዚያ ዓመት ይሉኝታ ስንቱን እንደጨረሰና ስንቱን እንዳዳነ አመዛዝኖ የሚነግረን ሰው ቢገኝ ደስ ባለኝ።

ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጆሯችን ጢው ማለት ጀመረ፤ ቁርስ ይሁን ምሳ ያልለየ ምግብ ለመብላት ቆምን። ምግብ ቤቱ በር ላይ ባለ ቧንቧ ሮቶ ቆሟል፤ ከፈትኩት፤ ደረቅ። ሚያዝያ ላይ ውሃና ሳሙና ያልነበረው ደጃፍ አልነበረም፤ ጥቅምት ላይ ሮቶዎቹ ለምልክት ብቻ ቀርተው ነበር። ውስጥ ግን አንዲት ልጅ ጆግና ማስታጠቢያ ይዛ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ታስታጥባለች፤ አያቷም ታስታጥብ የነበረው እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ዘመቻው ያመጣው ሮቶ ሲደርቅ የቤቱ ጆግ አልደረቀም።

ልጅቱ እኛ ጠረጴዛ ስትደርስ፣ "አንድ ላይ ነው ለየብቻ?" አለችን። እኔ፣ አዛውንቱና ያ ማስክ የተዋሰው ወጣት ነበርን። ዕድሜ ልኬን ምግብ ቤት ስበላ ይህ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም፤ አብሮ የተቀመጠ አብሮ ይበላል። ተያየን። "ለየብቻ" አልኩ እኔ፤ ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ። ሦስት ሳህን መጣ። አዛውንቱ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አንሥተው፣ እጃቸው ወደኔ መንገድ ከጀመረ በኋላ ዐየር ላይ ቆመ። አሰቡ፤ መልሰው ለራሳቸው ጎረሱት። ወጣቱ ይህን ሲያይ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ከሳቸው ሳህን ጋር አጋጠመው። "እኔ እንደሁ ማስክ ተውሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይመጣብኛል!" ሳቅን። እኔ የራሴን ብቻዬን በላሁ፤ ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ስለ በሽታው የመጀመሪያ ሰሞን ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ ላይ ማለት የምፈልገው ጥቂት ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል፣ ሰውዬው ከቡርኪናፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበርና፣ እንግዳ ተቀባይ ነን የምንል ሰዎች የውጭ አገር ሰው ባየን ቁጥር "ኮሮና!" ማለት ጀመርን። ይህንንም ባህል አይደለም ብዬ ማለፍ አልችልም። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሰማይ ነኩ። ጎረቤቴ የሆኑት እማማ፣ ዳማ ከሴ ቀጥፈው በር በሩን እያደሉ፣ "ይኼ ምች ነው፤ ስሙን ነው የለወጡት" ይሉ ነበር። ካህናት ጽና ይዘው ሰፈር ለሰፈር ያጥኑ ነበር። ታክሲ ተራው ላይ ወጣቶች በጀሪካን ውሃ ይዘው ሰልፈኛውን በነጻ ያስታጥባሉ። አከራዮች የወር ኪራይ ማሩ፤ ማዕድ ማጋራት ተባለና ዘይትና ዱቄት ከቤት ወደ ቤት ዞረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ።

ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 11 ዋለ። ሌሊቱን ቅዳሴው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉት እኚያው እማማ ሳሎናቸው ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ነበር። በመስኮት አየኋቸው። ተቀመጡ ቢባሉ የሚቀመጡ አልነበሩም።

ሸዋ ሮቢትን አልፈን ወደ ቆላው ስንዘልቅ ሌላ መቅሠፍት ጠበቀን። አንበጣ ነው። በዚያ ጥቅምት የሰሜን ሸዋንና የወሎን ቆላ ወርሮት ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ልጆች ጀሪካን ይደበድባሉ፣ ሴቶች ነጠላ ያራግባሉ፣ ወንዶች ጅራፍ ያጮኻሉ። ሰማዩ ቡኒ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ማሽላው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ የሚጮኸውን ያን ሁሉ ሰው "ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ" የሚለው ማን ነው? አዛውንቱ መስኮቱን ዘግተው፣ "አንዱን ፈርተህ ትራቃለህ፣ አንዱን ፈርተህ ትሰበሰባለህ" አሉ። ከሚሴ እስክንደርስ የተናገረ የለም።

ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሐረጎን እየተጠመዘዝን ወጥተን ደሴ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ጦሳ ደመና ለብሷል። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ፣ ሰፈሩ ስደርስ ጥቂት ራቅ ብዬ ወረድኩ። ከሩቅ የሚመጣ ለቅሶ ደራሽ ቤት ውስጥ ሰተት ብሎ አይገባም። ከደጅ ይጀምራል፤ ድምፁን ያሰማል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ጮኾ ማልቀስ አፍራለሁ። ደግሞ አምስት ወር አልፎታል፤ ሰፈሩ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ አንዱ ደጁ ላይ ጀበና እያጠበ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በዚህ መሀል "ወየው" ብል እብድ አልመስልም? ማስኬን ላጥልቅ ላውልቅ ስል፣ ሳላስበው የአክስቴን ባል፣ ልጅ ሳለሁ እጠራው እንደነበረው፣ "አያ! አያ!" ብዬ ተጣራሁ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ሰፈሩ ቆመ። ልጆቹ ኳሱን ያዙት። ጀበና የምታጥበው ሴትዮ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ አዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ አክስቴ ቤት ቀድማኝ ሄደች። ከየበሩ አንድ ሁለት ሰው ወጣ። አክስቴ በር ላይ ስትደርስ ወገቧን በመቀነት አስራ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ፣ አንድ እጇን ወደኔ ዘርግታ ነበር። ያ የተዘረጋ እጅ "ና" ይሁን "እዚያው ቁም" አላወቅሁም። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረን ሁለታችንም ቆምን። እዚያው በቆምንበት አለቀስን። በመካከላችን የነበረው ባዶ ቦታ እስካሁን ይታየኛል፤ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወድቆበት ነበር።

ማታ ቡና ተፈልቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሁሉም በየማዕዘኑ ተቀምጦ፣ የግንቦቱን ቀብር ነገሩኝ።

ወሎ እድር የሚባለውን ቅሬ ይለዋል። የሰፈሩ ቅሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ይይዛል፤ ሁለቱም የሚያዋጣ፣ ሁለቱም የሚቀብር ነው። የዚያን ቀን የቅሬው ዳኛ አባላቱን በስልክ አማክረው አንድ ደንብ አወጡ። ድንኳን አይተከልም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው አስከሬን የሚሸከምና ጉድጓድ የሚምስ ብቻ ነው። የቀረው ሰው ግን ከቀብር አይቀርም፤ ከቤቱ ደጃፍ ይቆማል። አስከሬኑ ሲያልፍ ከበሩ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ደብሩ ዳገት ድረስ፣ ሰዉ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ነበር። ሴቶች ከየበራቸው ያለቅሳሉ፤ አንዱ ደጅ ሲያበቃ ቀጣዩ ይቀበላል። "ድንኳኑ መንገዱ ሆነ" አለች አክስቴ። "አባትሽ ሲሞት እንኳ ይኸን ያህል ሰው አላየሁም" አለቻት ለጎረቤቷ።

ወሩ ረመዳን ነበር። መስጊዶች ተዘግተው ተራዊሁ በየቤቱ ይሰገድ ነበር። ሐዘን ቤት እሳት አይነድምና ሦስት ቀን ምግብ የሚያመጣው ጎረቤት ነው፤ ግማሹ ጎረቤት ደግሞ ጾመኛ። የእስላሞቹ እናቶች ሥጋ እንዳይሆን ምስርና ድንች እየሠሩ፣ በአገልግል እያደረጉ፣ በር ላይ አስቀምጠው ይሄዱና በስልክ "ደጅ ላይ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ" ይላሉ። ጾመኛ ወጥ አይቀምስም። "ጨው!" አለች አክስቴ፤ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "አንዱ ጨው የሌለው፣ አንዱ ባሕር! አገልግሉን ስከፍት ማን እንደላከው በጨው አውቅ ነበር።" ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ጎረቤቷ፣ ዱበርቲ የሚሏቸው እናት፣ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። "ባሕሩ የኔ ነበር" አሉ።

አክስቴ ግን ሳቋን ቶሎ ዋጠችው። ምግቡ መጣ፤ የሚያጎርሳት ሰው ግን አልመጣም። ሐዘንተኛ በገዛ እጁ አይበላም፤ በልመና፣ በጉርሻ፣ "ሞቴን" እየተባለ ነው የሚበላው። ብቻዋን አገልግሉን ከፍታ እያየች ትከድነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዱበርቲዋ ደንቡንም ማስኩንም ትተው ገቡና አጎረሷት። ይህን ሲነግሩኝ ዱበርቲዋ መሬት መሬት እያዩ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ማንም ቢታመም ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተዋል። ማንም አልታመመም። ልክ ነበሩ ወይስ ተሳስተው ነበር? አሁንም ስጠየቅ መልሴ ይለዋወጣል።

የአክስቴ ትልቋ ልጅ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። በዚያም ሰዓት እላፊ ስለነበር አሠሪዎቿ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። የአባቷን ቀብር የተከታተለችው በኢሞ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ከአስከሬኑ ኋላ ኋላ ሄደላት። እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ፎጣ አፏ ውስጥ ከታ ነበር የምታየው። ኔትወርኩ በየመሀሉ ይቆማል፤ አንዴ ምስሉ የቆመው አስከሬኑ ከበሩ ሲወጣ ነበር፤ ሲመለስ አፈር እየተመለሰ ነው። በመካከል ያለውን መንገድ፣ ያ ሁሉ ሰው በየደጁ የቆመበትን፣ እሷ አላየችም። ሌላው ሰው ደጋግሞ የተረከላት ይህንኑ ነው፤ የማን ቤት ደጅ ማን እንደቆመ፣ ማን ምን ለብሶ እንደነበር።

የቅሬው ዳኛ ምሽቱ ሲገፋ መጡ። ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበዋል፤ ከማስክ ይልቅ የሚያምኑት ጋቢውን ነው። ስለ ኮሮና ስናወራ የግራ ክንዳቸውን እጅጌ ሰብስበው አሳዩኝ፤ ሁለት ጠባሳ፣ አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ ክብ። ረዘም ያለው ልጅ ሳሉ ወረኢሉ ገጠር ውስጥ አባታቸው ያስከተቧቸው ነው። በአካባቢው ፈንጣጣ ሲገባ፣ ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል መግል ወስደው፣ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር አድርገው ይቀቡት ነበር። አንዳንዱ ይሞታል፤ የሚበዛው ግን ለጥቂት ቀን ታሞ ይተርፋል። ክቡ ጠባሳ የመንግሥት ነው። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ፈንጣጣን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ከታቢዎች ጫፏ ሁለት በሆነች መርፌ ይዘው በእግርና በበቅሎ አገሩን ሲያዳርሱ፣ ሰዉ "እኛ የራሳችን አለን" እያለ ይሸሽ ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም ወሰዱ። "አንዱ ያባቴ፣ አንዱ የንጉሡ" አሉ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ፈንጣጣ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ተመዘገበ፤ ከዚያ ጠፋ።

አንገታቸው ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብም አለ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ገረመኝ። ከተበ ማለት ጻፈ ነው። ክታብ የተጻፈው ነው፤ ክትባትም ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው፤ አንዱ ብራና ላይ፣ አንዱ ሥጋ ላይ ይጻፋል። የአማርኛ ተናጋሪ ክትባትን ለመሰየም አዲስ ቃል ያልለመነው ነገሩን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። የቅሬው ዳኛ በክንዳቸውና በአንገታቸው ሦስት ጽሑፍ ይዘዋል፤ ሦስቱም ርስ በርስ ሲጣሉ አላዩም።

እኔ ደግሞ የማወራው ሳጣ ኅዳር ሲታጠንን አነሣሁ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ ዓለምን የጨረሰ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ በከተማው ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ ቀረ፣ ጅብ ከሰው ቀደመ። ያንን ለማስታወስ ነው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተሰብስቦ በየሰፈሩ የሚጨሰው። የቅሬው ዳኛ ጅቡ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ። "ለዚያ ነው ቅሬ የሚያስፈልገው" አሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባን የሞላውን እድር ሳስብ እኔም የምገምተው ይህንኑ ነው፤ ጥሩንባ የሚነፋው፣ ወርሃዊው መዋጮ፣ ያልቀበረ ሰው የሚቀጣው ቅጣት፣ ሁሉም ከዚያ ጅብ የሚያስጥል አጥር ይመስለኛል። እንግዲህ በ2012 ዓ.ም. "አትሰብሰቡ" የተባለው እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው። መጥፎ ትእዛዝ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከባድ ትእዛዝ ነበር። በማይክሮፎን የሚዞረው መኪና "ቤታችሁ ተቀመጡ" ሲል፣ ሰሚው የሚያየው ቀባሪ ያጣ ሬሳ ነው። የቅሬው ዳኛ ያን ትእዛዝ ያልጣሱትም ያልተቀበሉትም ለዚህ ነው፤ ሰዉን ከቀብር ሳያስቀሩ በየደጁ አቆሙት።

በማግሥቱ ዱበርቲዋ ወዳጃ ጠሩ። ወዳጃ እዚያ አገር ችግር ሲገባ፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ጎረቤት ተሰባስቦ ቡና አፍልቶ፣ ጫት ቆርጦ፣ ዕጣን አጢሶ ፈጣሪን የሚለምንበት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀመጣል። እንደ ድሮው ቤት ሙሉ ሰው አልነበረም፤ ዘጠኝ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ወንበር ተራርቆ። ለሟች፣ ለአንበጣው፣ ለበሽታው፣ ሪያድ ላለችው ልጅ፣ ለኔም መንገድ በተራ ተለመነ፤ እያንዳንዱ ምርቃት ሲያበቃ "አሚን" ይባላል። ከዱበርቲዋ አፍ የማይለይ ቃል አለ፤ አብሽር። ወሎ ውስጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥር የለውም። ባጃጅ ነጂው ዋጋ ስንከራከር "አብሽር" ብሎኛል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሰፈሩ ልጅ "አብሽር" ብሎኛል። ማጽናኛም ነው፣ ማስፈራሪያን ማቅለያም ነው፣ አንዳንዴም ከኃላፊነት መሸሻ ነው፤ ማስክ ለምን አላደረግክም ያልኩት ሰው ሁሉ መልሱ እሱ ነበር። ሰው በአንድ ቃል እንዲህ መኖርም መሞትም ይችላል ብዬ ተናድጄ ነበር። ዱበርቲዋ ለአክስቴ ሲሏት ግን ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ።

ልሄድ ስነሣ የቅሬው ዳኛ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ከሩቅ ለቅሶ የመጣ ዘመድ ይመዘገባል፤ ደግሞ እሱ ሲያዝን ማን ሊደርስለት እንደሚገባ እንዲታወቅ ነው። ገጹን ገለጥኩ። ግንቦት ላይ የአክስቴ ባል ስም አለ፤ ከሥሩ በተለያየ ቀለም፣ በተለያየ ቀን የተጻፉ ስሞች፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ገጹ ሲሞላ ወረቀት ቀጥለውበታል። "ገና አልዘጋነውም" አሉኝ። ስሜን ጽፈው ቀኑን ሲጠይቁኝ ጥቅምት 6 አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና 5 ብለው ጻፉ። "የደረስክበትን እንጂ የምትሄድበትን አይደለም።"

አክስቴ ስልኳን አወጣች፤ ለልጇ ደወለች። ኢሞው ጮኸ፤ ልጅቷ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ታየች። አክስቴ ስልኩን ወደኔ አዙራ፣ "ይኸው ደረሰ" አለቻት። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ዐይኖቿ ፊቴን ይፈልጋሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ምን እንደምላት ሳስብ እሷ ቀደመችኝ።

"ማስክህን አውልቅና ልይህ።"

አወለቅኩት። ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ አየችኝ፤ ምስሉ እስኪቆም።